ፈረንጅ አገር ቢሆን ኖሮ

«ይህ ፈረንጅ አገር ቢሆን ኖሮ!»

ይህን ያልሰማ፣ ይልቁንም ራሱ ያላለ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይቸግራል። አውቶቡስ የአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ሲቆም ይባላል። ጎሐ ጽዮን ላይ የተባለው ደጀን ላይ ይደገማል። ጮቄ ላይ ጉሙ ሲገፈፍ ይባላል። ጣና ላይማ ሞተር ጀልባ የተሳፈረ ሁሉ ይህን ሳይል አይወርድም። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ዐረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። ተናጋሪው «ኖሮ» ላይ ሲደርስ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ አለቀ። ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አይነገርም። ሁላችንም መልሱን የምናውቀው ይመስል ይታለፋል።

እኔ ደግሞ አናውቀውም ባይ ነኝ።

ሰውየውን ያዝ አድርጋችሁ ብትጠይቁት የሚሰጣችሁ መልስ አንድ ነው። ሆቴል ይሠራበት ነበር፣ አስፋልት ይገባው ነበር፣ ቱሪስት እንደ ጉድ ይጎርፍበት ነበር፣ ዶላር ይታፈስበት ነበር። በዚህ መልስ ውስጥ ሐይቅ አለ፣ ተራራ አለ፣ አልጋ አለ፣ ገንዘብ አለ። ሰው ግን የለም። በተለይ ውኃው ላይ ውሎ የሚያመሸው ሰው የለም። ጋዜጠኝነት ስንማር በመጀመሪያው ሳምንት የተነገረን ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምንና እንዴት የሚባሉትን ጥያቄዎች ነበር። ስለ ጣና የተጻፈ የጉዞ ጽሑፍ አንሥታችሁ አንብቡ፤ «የት» ተትረፍርፏል፤ «ማን» ግን ወይ የሞተ ንጉሥ ነው፣ ወይ የተቀደሰ መነኩሴ።

የአማኑኤል ልጅ ነኝ። አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ድንች። ዓሣ ማለት ለኛ የመጽሐፍ ነገር ነበር፤ ዮናስን የዋጠው፣ ጴጥሮስ ያጠመደው። ጣናን በልጅነቴ ያወቅሁት በሁለት በኩል ነው። አንደኛው በገዳማቱ፤ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ክብራን ገብርኤል እየተባለ ስማቸው ሲጠራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሁለተኛው በስድብ ነው። ያገኘውን ሁሉ የሚበላ፣ እጁን ሳይታጠብ ማዕድ የሚቀርብ ልጅ «ወይጦ» ይባል ነበር። ወይጦ የሚባል ሰው በዐይኑ ያየ በሰፈራችን አልነበረም። ስድቡ ግን ከሰውየው ቀድሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አማኑኤል ገብቷል።

የኛም ሰፈር ቢሆን የራሱ ወይጦዎች ነበሩት። ማረሻችንን የሚቀጠቅጥልን ሰው «ቡዳ» ነው። ጋቢያችንን የሚሸምነው «ቁጢት በጣሽ» ነው። ጠፍሩን የሚፍቀው፣ ገንቦውን የምትሠራው፣ ሁሉም አንድ አንድ ስም ተለጥፎላቸዋል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን የከለከለውን አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። መቶ ዓመት አልፎት ሌላ ሩብ ምዕት ሊደፍን ምንም ያህል አልቀረው። አዋጁ ደብረ ማርቆስ ደርሶ አማኑኤል ሳይገባ እንደ ቀረ አላውቅም፤ በልጅነቴ ግን አልሰማሁትም።

እንግዲህ ይህን ስንቅ ይዤ ነው በ2011 ዓ.ም. በጥምቀት ማግስት ወደ ጣና የወረድኩት። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ኮሶበር፣ ዳንግላ፣ መራዊ፤ አንድ ቀን የማይሞላ መንገድ ነው። በማግስቱ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በምትሄድ ጀልባ ከአዲስ አበባ ከመጡ ጎብኚዎች ጋር ተሳፈርኩ። ከመካከላቸው ብዙ ዓመት ኦስሎ የኖረ፣ ለእረፍት የመጣ አንድ ሰው ነበር። ጥሩ ሰው ነው፤ ብስኩቱን ለሁላችንም አካፍሏል። ያቺን ዐረፍተ ነገር ግን እሱም አላለፋትም። እንዲያውም ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ አሳየን፤ ሎፎተን ይባላል አለ፣ በኖርዌይ ሰሜናዊ ክፍል ያሉ ደሴቶች። ውኃው ጥቁር ሰማያዊ ነው። ገደሉ ከውኃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከገደሉ ሥር በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ ቀያይ ጎጆዎች ይታያሉ። የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው፣ ፊዮርድ ውስጥ ነው፣ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ውበት የለም፣ እያለ በጣቱ እየገፋ አሳየን። ከዚያም ቀና ብሎ ጣናን አየና፣ «ይህ ኖርዌይ ቢሆን ኖሮ…»

በዚያች ቅጽበት አንድ የደንገል ታንኳ በአጠገባችን አለፈች። ቀዛፊው እንጨት ጭኖ ወደ ገበያ ይሄዳል። ሁሉም ስልኩን አወጣ። «ወንድሜ፣ ወደዚህ ዙርልን! ፈገግ በል!» ተባለ። ሰውየው አልዞረም። የኛ ጀልባ ያስነሣው ማዕበል ታንኳውን እያንገጫገጨው ስለ ነበር ሁለት እጁም ዐይኑም ሥራ ላይ ነበሩ። «ኩሩ ነው» አለች አንዲት ሴት። ምን ኩራት አለው እቴ! ሰውየው እንዳይሰጥም እየታገለ ነው።

እስቲ አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። በመጀመሪያ ጣና ፊዮርድ አይደለም። ፊዮርድ ማለት የበረዶ ግግር ቦርቡሮ የሠራው፣ ኋላም ባሕር የገባበት ጥልቅ ሸለቆ ነው። ሶግነ የሚባለው የኖርዌይ ፊዮርድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ጥልቀቱ ከ1,300 ሜትር ያልፋል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተንጣልሎ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ግድም ነው፤ በጥንቱ ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት የውኃውን መውጫ ስለ ዘጋው የተኛ ሐይቅ ነው። ፊዮርድ የሚመስል ነገር የሚፈልግ ሰው ይልቁንስ የአባይን ሸለቆ ይመልከት፤ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ውኃ ያጥለቀለቀውን የታችኛውን ክፍል በተለይ። እዚያም ዓሣ ማጥመድ ተጀምሯል። ይህን ያነሣሁት ለመመጻደቅ አይደለም። ንጽጽሩ ከመልክ መጀመሩ ገና ከመነሻው እንዳሳሳተን ለማሳየት ነው።

ያ በፎቶግራፍ ያየነው ቀይ ጎጆ ምንድን ነው? በኖርዌይኛ «ሮርቡ» ይሉታል። በክረምት ኮድ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ በመቅዘፊያ ጀልባ ከሩቅ የሚመጡ ድሆች የሚያድሩበት ነበር። ጎጆው የነሱ አልነበረም። የመንደሩ ባለቤት የሆነ ነጋዴ ያከራያቸው ነበር፤ ያጠመዱትን ዓሣ የሚገዛው ያው ነጋዴ፣ ዋጋውን የሚተምነው ያው ነጋዴ፣ መረብና ዱቄት በዱቤ የሚሰጣቸው ያው ነጋዴ። ዓሣ አጥማጁ ውበት መሐል ተቀምጦ ዕዳ ይቆጥር ነበር። ከ1825 አንሥቶ በመቶ ዓመት ውስጥ (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከኖርዌይ 800,000 ያህል ሰው ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ፊዮርዱ ያኔም ውብ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1890 እዚያው ሎፎተን ውስጥ ትሮልፊዮርድ በሚባል ጠባብ ፊዮርድ እንዲህ ሆነ። ዓሣው ተግተልትሎ ገባ። የእንፋሎት መርከቦች ቀድመው ደረሱና አፉን በመረብ ዘጉት። በመቅዘፊያ ጀልባ የመጡት ድሆች ገንዘብ ካልከፈላችሁ አትገቡም ተባሉ። ድሆቹ አልከፈሉም። መረቡን ጥሰው፣ ከመርከበኞቹ ጋር ተደባድበው ገቡ። ወሬው አገሩን ሁሉ አዳረሰ፣ ፓርላማ ደረሰ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያ ዓይነቱ የከበባ መረብ በሎፎተን ታገደ፤ በ1897 ደግሞ ዓሣ አጥማጆቹ በራሳቸው ተመራጮች አማካይነት የማጥመጃውን ሥርዐት እንዲወስኑ ሕግ ወጣ። በ1938 የወጣው ሌላ ሕግ ከዚህም ይበልጣል። ዓሣ ከጀልባ ሲወርድ የመጀመሪያው ሽያጭ በዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር በኩል ብቻ እንዲሆን፣ ዝቅተኛውን ዋጋም ማኅበሩ እንዲወስን አደረገ። ሕጉ በ2013 በሌላ ቢተካም መብቱ አልተነሣባቸውም።

ማሰሪያ አንቀጹ ይኸውላችሁ። ጣና ኖርዌይ ቢሆን ኖሮ፣ የጣና ዓሣ አጥማጅ የዓሣውን ዋጋ ራሱ ይቆርጥ ነበር።

«ኖርዌይ እኮ ነዳጅ አላት» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ ዐውቃለሁ። ኖርዌዮች ነዳጁን ከባሕር ሥር ያገኙት በ1969 ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ሕጎች የወጡት አገሪቱ ድኻ ሳለች ነው። ኖርዌይ ደግሞ ገነት ናት አላልኩም። በሰሜኑ በፊንማርክ ፊዮርዶች ዳር ዓሣ እያጠመዱ የኖሩትን ሳሚዎች ለትውልዶች ንቃቸዋለች፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ቋንቋቸውን ከልክላለች፤ በብዙ ፊዮርዶች ቋንቋው ጠፍቷል። ንጉሥ ሃራልድ በ1997 በሳሚዎች ፓርላማ ፊት ቆመው ስለዚህ ግፍ ይቅርታ ጠይቀዋል። ስለዚህ ከኖርዌይ መማር ከፈለግን ሁለቱንም እንማር፤ የዋጋውንም፣ የይቅርታውንም።

ምክንያቱም እኛም ቋንቋው የጠፋበት፣ ውኃ ዳር የሚኖር ሕዝብ አለን። ራሳቸውን ነገደ ወይጦ ይላሉ፤ የአባይ ልጆች ነን ይላሉ። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። የጥንት ቋንቋቸውን የሚናገር አንድም ሰው የለም። ጉማሬ ያድኑ፣ ሥጋውንም ይበሉ ስለ ነበር ክርስቲያኑ ርኩስ ናቸው አላቸው። በሃይማኖት ሙስሊሞች ናቸው፤ ሙስሊሙም በሙሉ ልቡ የኔ ናቸው አላላቸውም። ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺስማን ጣናን ዞሮ ሲጽፍ ስለነሱም ጽፏል፤ መጽሐፉ የታተመው በ1936 ነው (ይህም በፈረንጆች)። እኛ በኖርዌይ ፎቶግራፍ የምንደመመው የሀገር ሰዎች የጻፍንላቸው ምንድን ነው? ስድብ።

ጣና የሚለው ቃል በተጻፈበት ማስታወቂያ ሁሉ ላይ ያለችው የደንገል ታንኳ የነሱ የእጅ ሥራ ናት። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ ይጠፈራል፣ ይታሰራል። ታንኳ ውኃ እየጠጣች ትከብዳለች፤ በየጊዜው ከውኃ ወጥታ ካልደረቀች ትበሰብሳለች፤ ዕድሜዋ በወራት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ታንኳ ሠሪ ሁለት ነገር የግድ ያስፈልገዋል፤ ደንገል የሚበቅልበት ረግረግና ማድረቂያ የሚሆን ባዶ ዳርቻ። ረግረጉ እየታረሰ፣ እየተገደበ፣ የከተማ ፍሳሽ እየገባበት ደንገሉ ሸሽቷል። ባዶው ዳርቻ ደግሞ ባሕር ዳር በሰፋች ቁጥር አጥር፣ መዝናኛና ሆቴል ሆኗል፤ ነገደ ወይጦዎቹም በየዘመኑ ወደ ኋላ ተገፍተዋል። ውኃ ዳር ለመኖር መብት ያገኘው ውኃውን ለማየት የከፈለው ነው።

ከዘጌ መልስ ሌሎቹ ገበያ ሲሄዱ እኔ ወደ አንዱ ሰፈራቸው ሄድኩ። አንድ አረጋዊ ታንኳ ሲያስሩ አገኘሁ። ሰላምታ ሰጥቼ ከአጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ከወዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ።

«ከማቻከል፣ ከአማኑኤል።»

«ደገኛ» አሉ፤ ሳቁ። «ደገኛ ፎቶ አይወድም ነበር፤ አሁን ለመደ።»

«እርስዎስ ፎቶ ይወዳሉ?»

«እነሱ ይወዱታል። ይመጣሉ፣ ያነሡኛል፣ ሲከፍሉኝ ይከፍሉኛል። ፀሐይ ነውና ውኃ ይጠማቸዋል። ቅዳልኝ ያለኝ ግን የለም፤ ከኔ ዋንጫ አይጠጡም።» ከዚያ ገመዱን በእግራቸው ጣት ረግጠው አጠበቁና፣ «ደንገሉም ራቀ» አሉ፤ ነገሩ አንድ ይመስል።

ውኃ ጠየቅኋቸው። ሴት ልጃቸው በጣሳ አመጣችልኝና ጠጣሁ። ይህን ጀብዱ አድርጌ አልጻፍኩትም፤ ጠምቶኝ ነበር።

ስለ ዓሣው ደግሞ። በ1978 ዓ.ም. ግድም ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በእርዳታ ጣና ገባ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ሐይቁ ብዙ ዓሣ አለው፣ ሕዝቡ ይራባል፣ ይጠመድ። ሞተሩ መሐል ሐይቅ ገባ፣ የደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ቀረች። ጣና ውስጥ በሌላው ዓለም የማይገኙ፣ እኛ በደፈናው ነጭ ዓሣ የምንላቸው ወገኖች አሉ፤ ሊቃውንት 15 ያህል ዝርያ ቆጥረውላቸዋል። ከነሱም በርካቶቹ ክረምቱ ሲያይል እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ፣ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል አባይ ይወጣሉ። መረብ ጣዩም እዚያው አፋቸው ላይ ይጠብቃቸዋል። ትሮልፊዮርድ ማለት ይኸው ነው እንግዲህ! ልዩነቱ ደፍሮ መረቡን የሚጥስ አለመኖሩ ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ የተመራማሪዎች ቆጠራ እነዚህ ዓሦች በሦስት አራተኛ ግድም ቀንሰው ተገኙ። የዓሣ ሀብት አዋጅ፣ ቁጥር 315፣ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። በወረቀት ላይ ጥሩ አዋጅ ነው። ወንዙ አፍ ላይ በነሐሴ ጨለማ ማን ይቁም? ሎፎተን ላይ የሚቆመውን የመረጡት ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው ነበሩ።

ሐይቁ የተለያየ ጌታ አለው። በ1988 ዓ.ም. ጨረጨራ ላይ መውጫው ተገደበ፤ በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ ተመርቆ ውኃው በዋሻ ወደ በለስ ሸለቆ ወረደ። መብራት ያስፈልገናል፤ አልከራከርም። ግን ጢስ እሳትን ለማየት ሄዶ ዐለት አይቶ የተመለሰ ስንት ሰው ነው? የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የሚያጓራው ፏፏቴ በበጋ ብዙ ጊዜ እንደ ክር ይቀጥናል። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የባዮስፌር ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ። ጎርጎራ ላይም በገበታ ለሀገር ዘመናዊ ማረፊያ ተሠራ። ይሠራ፤ ሆቴል አልጠላም። ጎርጎራ ያሉት ነገደ ወይጦዎች ግን እዚያ ማረፊያ ውስጥ በምን ስም ይገባሉ? ዓሣ አቅራቢ ተብለው ነው? ባለ ድርሻ ተብለው ነው? ወይስ እንደ ታንኳቸው ጌጥ ሆነው?

ቱሪዝም ቢስፋፋ ለነሱም ይደርሳቸዋል የሚለውን ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ዘንቢልና የመጫወቻ ታንኳ ሠርተው ይሸጡ የለም ወይ? ይሸጣሉ፤ ልጅም አሳድገውበታል። ቱሪስት ግን እንደ ዓሣው ወቅት አለው። ኮሮና መጣ፣ ቀረ። የሰሜኑ ጦርነት መጣ፣ ቀረ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ውስጥ ውጊያ ከተቀሰቀሰ ወዲህማ ከአማኑኤል ባሕር ዳር ለመድረስ የሚያስበው ራሱ ደገኛው መንገዱን ሲጠይቅ ይውላል፤ የኦስሎውን ሰው ተዉት። ጀልባዎቹ ታስረው ዋሉ። ዓሣ መብላታችንን ግን አላቆምንም። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ የዓሣ ዋጋ አዲስ አበባ ላይ እንዴት እንደሚንር ምግብ ቤት የሚሄድ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ጭማሪ ስንቱ ወደ ታንኳው ይመለሳል? በወደቡ ላይ ቆሜ እንዳየሁት ዋጋ የሚናገረው ሚዛኑን የያዘው ነው፤ ዓሣውን የያዘው ዝም ይላል። ፀሐይ ላይ የዋለ ዓሣ ስለማይጠብቀው ዝም ይላል፤ በረዶ ቤቱ የሌላ ሰው ስለ ሆነ ዝም ይላል።

የባሕር ዳሩ ጉዞዬ ከማለቁ በፊት በነበረው ማታ እነዚያ ጎብኚዎች ሻይ ጋበዙኝ፤ ውኃው ዳር ያለ ሆቴል ነው። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ አንዲት ሙሉ ታንኳ በቫርኒሽ ተወልውላ ተሰቅላለች፤ ከሥሯ መብራት አለ። በእውነት ታምራለች። የኦስሎው ሰው ዞሮ ዞሮ አያት፣ በእጁ ዳሰሳት፤ ከዚያ አስተናጋጁን ጠራና በትሕትና፣ «ወንድሜ፣ ይህችን ማን ነው የሠራት?» ብሎ ጠየቀው።

አስተናጋጁ ግራና ቀኙን አየ። ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እነሱ ናቸው» አለ፤ «እነዚያ…»